ደጊቱ ቶሌዶን ያየች ዕለት

ደጊቱን «ስፔን ሄደሽ ምን አየሽ?» ብላችሁ ብትጠይቋት «ድንጋይ» ትላችኋለች። ቀልድ አይደለም። ዊልቸር ወደ ዳገት የሚገፋ ሰው የሚያየው ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ማጅራትና እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ ነው። በግራና በቀኙ የስንት መቶ ዓመት ግንብ ቢቆም ለመግፋት አያግዘውም።

ይህን የምነግራችሁ እኔ ዘሪቱ ነኝ፤ አትላንታ አጠገብ ስኮትዴል ውስጥ እሷ ከላይ እኔ ከታች የምንኖር ጎረቤቷ። ሆስፒታል ልብስ አጥባለሁ፣ ባሌ ነጋሽ ታክሲ ይነዳል። ምላሴ አያርፍም። ሰው እሑድ እሑድ ቤቴ የሚሰበሰበው ወጤን ሊበላ ብቻ ሳይሆን፣ የቀረውን ሰው ሳማለት ሊሰማ ጭምር ነው። የደጊቱን ነገር ስጀምር ራሴን የማሳምርበት ቦታ ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም።

ደጊቱ የአሰብ ልጅ ናት። አባቷ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። እናቷ ስትሞት እሷ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ወንድሟ ተገኝ ደግሞ አራት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ እናቱ እሷ ሆነች። በዚያ በአሰብ ሙቀት አዝላው ውኃ ቀድታለች፣ አዝላው ወጥ ሠርታለች። ልጁ አንድ አመል ነበረው። «እዚህ ጠብቀኝ» ካሉት ግራ ጆሮውን በጣቶቹ ይዞ የተባለበት ቦታ ላይ ይቆማል፤ ፀሐይ ቢያቃጥለው፣ ሰው ቢገፋው ንቅንቅ አይልም። አንድ ቀን ዳቦ ቤት ደጃፍ አቁማው፣ ወሬ ይዟት ረስታው ቤት ገባች። በድንጋጤ እየሮጠች ስትመለስ እዚያው ቦታ ጆሮውን ይዞ አገኘችው። ይህን ስትነግረን ሁልጊዜ ትስቅ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው አንድ የግሪክ ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ሄደ። ጊዜው ወጣት የሆነ ሁሉ ሌሊት የሚታፈስበት ጊዜ ነበር፤ ሂድ ያለችውም እሷ ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ እሷም በእግሯ ጅቡቲ ገባች። ሦስት ዓመት እዚያ ጠብቃ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1982 አትላንታ ደረሰች።

ያመጣት የስደተኞች ድርጅት አፓርታማዋ እስኪዘጋጅ ድረስ እኔ ዘንድ አሳረፋት። የደረሰች ዕለት ብዙነሽም ቤቴ ነበረች፤ ብዙነሽ የልብ ጓደኛዬ ናት፣ እኔ ስናገር ከሁሉ ቀድማ የምትስቀውም እሷ ናት። ምሳ ቀርቧል። «ብዪ» አልኳት። ደጊቱ እጇን ታጥባ ቁጭ አለችና መብላት ጀመረች።

እኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም። እንግዳ «አይ፣ በልቻለሁ» ይላል። ባለቤት «በሞቴ» ይላል። እንግዳው አሁን ነው የበላሁት ብሎ ይምላል፣ ባለቤት «አፈር ስሆን» ብሎ ክንዱን ይጎትታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሚበላው። እሷ ግን በመጀመሪያው ጥያቄ ገበታው ላይ ተሰየመች። እኔም ወደ ብዙነሽ ዞር ብዬ፣ ደጊቱ እንድትሰማ አድርጌ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅኋት፤ ሁለተኛ ብጠይቃት ኖሮ ሳህኑንም ትበላው ነበር» አልኩ። ብዙነሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ደጊቱ ጉርሻው አፏ ውስጥ እንዳለ ማኘኳን አቆመች። ቆይቶ እንደሰማሁት፣ አውሮፕላን ላይ የሚታደለው ምግብ የሚከፈልበት መስሏት ከጅቡቲ እስከ አትላንታ እህል አልቀመሰችም ነበር። ከዚያ ወዲያ በማንም ቤት ሦስቴ ሳትለመን ውኃ እንኳ አትጠጣም። እኔም ሰው አደረግኋት ብዬ ኮራሁ።

ሥራ ያገኘችው ማሪዬታ ከተማ፣ ሚስ ሉሲል ከምትባል የሰባ አራት ዓመት ባልቴት ቤት ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ሴት ናት። ደጊቱ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው እያደረች ታነሳታለች፣ ታጥባታለች፣ ትገፋታለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጋሽ በታክሲው ሄዶ ያመጣታል። ሚስ ሉሲል ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ክፉ ብትሆን ለእኔ ወሬ ይመቸኝ ነበር። ደመወዝ አታዘገይም፣ ድምፅ አታሰማም። እንደ አገሯ ሰው ሁሉ ግን የተባለችውን ታምናለች። ጎረቤቷ በየሳምንቱ የኮክ ፓይ የሚሉትን ጣፋጭ ጋግራ ታመጣላታለች። ሚስ ሉሲል ቆርሳ «ትፈልጊያለሽ?» ስትላት ደጊቱ «ኖ ማም፣ ታንክ ዩ» ትላለች። ሚስ ሉሲልም ሳህኑን ከድና ፍሪጅ ውስጥ ትከተዋለች። በአራት ዓመት ውስጥ ያን ፓይ አንዴም አልቀመሰችውም። ሽታውን ግን ደህና አድርጋ ትነግረን ነበር። እኛም በሳቅ እንፈርሳለን። ለፈረንጅ በአንዴ እሺ በዪ ብሎ የመከራት ሰው ግን አልነበረም፤ ምክሩ ሳቁን ያበላሽብን ነበር።

ተገኝ መርከቡን ጥሎ ባርሴሎና ላይ ከወረደ ዓመታት አልፈዋል። ማድሪድ ገብቶ አንድ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ዕቃ ያጥባል፤ የመኖሪያ ወረቀት የለውም፣ ስልክ የለውም። በአንድ የአሰብ ወዳጅ በኩል አድራሻ አግኝተው ይጻጻፉ ነበር። ፎቶ ላክልኝ ስትለው «ትንሽ ልወፍርና» ይላታል። እሷ ደብዳቤዎቹን እያነበበች የምታስበው ያን ጉንጨ ድብልብል፣ ጎፈሬው እንደ ወንፊት የሰፋ ልጅ ነው።

በ1986 ሚስ ሉሲል ከቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ጋር ስፔንን ልትጎበኝ ተነሳች። ሟች ባሏ የታሪክ አስተማሪ ነበር። ቶሌዶ የምትባል የድሮ ከተማ አሳይሻለሁ እያለ ሠላሳ ዓመት ቃል ሲገባላት ኖሮ ሳያሳያት ሞተ። ዳገታም ከተማ ናትና የሚገፋት ሰው ያስፈልጋል። ደጊቱ ትራቭል ዶኪዩመንት የሚሉትን የስደተኛ መጓዣ ወረቀት አፕላይ አድርጋ፣ ቪዛ አስመትታ ተዘጋጀች። እኔ እንዴት እንደቀናሁ ልነግራችሁ አልችልም። አሜሪካ ስገባ ከእሷ እቀድማለሁ፤ ከዚህ ከጆርጂያ ግዛት የወጣሁት ግን አንዴ ለሠርግ ብቻ ነበር።

እሷ ያሰበችው ቶሌዶን አልነበረም። ከማድሪድ ያቺ ከተማ በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ብዙም እንደማትርቅ ተገኝ ጻፈላት። የሚያርፈው ማክሰኞ ብቻ ነው፤ የጎብኚዎቹ ፕሮግራም ደግሞ ማክሰኞን ሙሉ ቀን እዚያ ያውላል። በከተማዋ ትልቁ አደባባይ ጠርዝ ላይ አንድ የድንጋይ ቅስት አለ፣ ከጠዋት ጀምሮ እሱ ሥር እቆማለሁ አላት። ምግብ ቤቱ ሊዘጋ ስለሆነ በነጋታው ወደ ሰሜን ወርዶ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ይሳፈራል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደሚያርፍ እሱም አያውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተጠበቀው ነገር በዚያች አንድ ማክሰኞ ላይ ወደቀ።

«ከዚሁ ሆነሽ ዴይ ኦፍ፣ የአንድ ቀን ዕረፍት፣ ጠይቂያት» አልኳት። እጠይቃለሁ አለች፤ ነገ እጠይቃለሁ እያለች ሳምንታቱ አለቁ። በአፏ ላይ መቆለፊያ ያለ ይመስል ነበር። ስለ ወንድምሽ ግን እንዳትናገሪ፣ ወረቀት የሌለው ሰው ስም ለፈረንጅ አይነሳም፣ ያሲዙታል፣ ያልኳትም እኔ ነኝ። አንድ ካፖርት ገዛችለት፤ ውስጡ ሱፍ የሆነ፣ ቡኒ፣ ጥሩ ካፖርት። በአንድ የጨርቅ ቦርሳ ከታ ይዛው ሄደች።

እዚያ የሆነውን ቆይታ ቆይታ ነው የነገረችኝ፣ በአንድ እሑድ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ በሌላው እሑድ ደግሞ አንድ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው የደረሱት። ሆቴሉ ከወንዙ ማዶ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ከሰገነቱ ከተማዋ በሙሉ ትታያለች። ወንዙ ሦስት ጎኗን ዞሯታል፤ በአንድ በኩል አራት ግንብ ያለው ምሽግ፣ በሌላ በኩል የካቴድራሉ ማማ፣ መሀሉ እርስ በርሱ የተደገፈ የጣሪያ ሸክላ። ደጊቱ ቶሌዶን በደንብ ያየችው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው፣ ያኔ አትገፋምና። ቅስቱ የቱ ጋ ይሆን እያለች ጣሪያውን በዓይኗ ትፈትሽ ነበር። ነገ በዚህ ሰዓት አብረን ነን ብላ ደስታው ደረቷን ሞልቶት ነበር።

ሚስ ሉሲልም ባሏን አስታውሳ ሆዷ ባብቶ ኖሮ፣ ማንም ሳይጠይቃት ዞር ብላ «ደጊ፣ ነገን ለራስሽ ትፈልጊዋለሽ ወይ? አስጎብኚው የሚገፋኝ ሰው ከዚሁ አገኛለሁ ብሎኛል» አለቻት።

ስንት ሳምንት በምን አፌ ብላ የጨነቀችበት ነገር ሳትለምን እጇ ላይ ወደቀላት። ደጊቱም ያደገች ሰው ናትና፣ ወግ እኔ ቤት የተማረች፣ ያደገ ሰው የሚለውን አለች።

«አይ፣ እርስዎን ትቼ የት እሄዳለሁ።»

አለችና ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች። «ኧረ ሂጂ» እስክትባል። ሁለተኛው እንደመጣ ትንሽ ታቅማማለች፣ በሦስተኛው እሺ ትላለች፤ በልቧ ሁሉን አዘጋጅታዋለች። ሚስ ሉሲል እጇን ያዘቻት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እግዚአብሔር ይባርክሽ» አለቻት። ከዚያ አስጎብኚውን ጠርታ ሰውየው እንደማያስፈልግ ነገረችው።

አሁን እናንተ ታዲያ ለምን ወዲያው አልተናገረችም ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ፤ ጮኼባታለሁ። በነጋታው ቁርስ ላይ እነግራታለሁ ብላ ነበር። ቁርስ ላይ ግን ሚስ ሉሲል ለገበታው ሁሉ፣ የኔ ደጊ ዕረፍት ብሰጣት እንኳ ትታኝ አልሄድም አለች ብላ አወራች። አሥራ ስምንት ፈረንጅ አጨበጨበላት። አንዷ ተነስታ አቀፈቻት። ከዚያ በኋላ «ለካስ እሄዳለሁ» እንዴት ይባላል? እስቲ እናንተ በሉት። እኔ ብሆን እል ነበር ብዬ ለብዙነሽ ምያለሁ፤ ውሸቴን ነው።

ማክሰኞ በድልድዩ ተሻግረው ወጡ። መንገዱ እንደ ወንዝ ዳር ጠጠር ክብ ክብ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ጠባብ፣ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። የዊልቸሩ ጎማ በድንጋዩ መሀል እየገባ ይነክሳል፤ አንዳንዱን ቦታ ዞራ እየጎተተች በጀርባዋ ነው የወጣችው። ሚስ ሉሲል መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ይህን ማን እንደሠራው፣ ያንን ማን እንዳቃጠለው ታነብላታለች። የካፖርቱ ቦርሳ የዊልቸሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ጉልበቷን ይመታታል።

ካቴድራሉ ደጃፍ ሲደርሱ ደጊቱ መቃኑን ተሳለመች፣ ጫማዋን አወለቀች። እሷ ሌላ የቤተ ክርስቲያን አገባብ አታውቅም። ጎብኚዎቹ ይህን ሲያዩ ግንቡን ትተው እሷን ፎቶ ማንሳት ጀመሩ፤ አንዱማ ድገሚው ብሏታል፣ አላነሳሁትም ብሎ። ሚስ ሉሲል መሬቱ ይቀዘቅዝሻል ጫማሽን አድርጊ አለቻት። ውስጥ ገብታ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆማ የለመነችውን ነገር ስትነግረኝ መሬት መሬት እያየች ነበር። ምነው ይቺ አሮጊት በደከማትና ወደ ሆቴል መልሱኝ ባለች፣ ብላ ነው የጸለየችው። ሚስ ሉሲል ግን ያን ዕለት የሃያ ዓመት ልጅ ሆናለች፤ ሠላሳ ዓመት የተጠበቀ ሽርሽር ነው።

የካቴድራሉ ደወል ስድስት ሰዓት ሲደውል ሰይፍ ሠሪ ሱቅ ውስጥ ነበሩ። ሚስ ሉሲል ለልጇ የደብዳቤ መክፈቻ የምትሆን ትንሽ ሰይፍ ልትመርጥ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀች፤ ደጊቱ አንዱን ከፍ አድርጋ እየያዘች፣ ሌላውን ወደ ብርሃን እያዞረች አሳየቻት። ከዚያ የአይሁድ የድሮ ምኩራብ፣ ነጭ በነጭ ዓምድ የሞላው። ከዚያ መነኮሳት የሚሠሩት የለውዝ ጣፋጭ የሚሸጥበት። ሚስ ሉሲል ከፍታ «ትፈልጊያለሽ?» አለቻት፣ «ኖ ማም» አለች። እየራባት።

አደባባዩ ላይ የደረሱት ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ነው። ደጊቱ ዊልቸሩን አቁማ ዙሪያውን አየች። ቅስቱን አየችው። ሥሩ ተማሪዎች አሉ፣ ሎተሪ የሚሸጥ ዓይነ ስውር አለ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሰዎች አሉ፣ በዚያ ብርድ በአጭር እጅጌ የቆመ አንድ መላጣ ቀጭን ሰውም አለ። እሱን የሞሮኮ ሰው ነው ብላ አለፈችው። የምትፈልገው ጎፈሬ ነበር፤ የምትፈልገው ድብልብል ጉንጭ ነበር። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ማን ይጠብቃል፣ ሄዷል፣ አለች በልቧ።

ሚስ ሉሲል ካሜራዋን ሰጥታት ቅስቱ ፊት አንሺኝ፣ ጫፉ እንዳይቆረጥ አለቻት። ደጊቱ ወደ ኋላ ሄደች፣ አሁንም ወደ ኋላ፣ ዓይኗን ካሜራው ላይ አደረገች፣ ጫፉ ገባ፣ ተጫነችው። አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ገፍታ ወሰደቻት።

አትላንታ ስትመለስ አልተገናኘንም፣ ረፈደብኝ፣ ብላ ብቻ ነገረችን። እኔም እሑድ ቤቴ ሰው በተሰበሰበበት፣ ወንድሟን ልታይ ስፔን ድረስ ሄዳ የአሮጊት ማጅራት አይታ መጣች ብዬ አሳቅሁባት። አብራን ሳቀች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሚስ ሉሲል ፎቶዎቹን አሳጥባ ላንቺም ማስታወሻ ይሁንሽ ብላ አንድ አንድ ቅጂ ሰጠቻት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ቤት ይዛቸው መጣች። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እኔ ለእያንዳንዱ አንድ ነገር እላለሁ፤ ደህና ቀን ነበር፣ አፌ ቀንቶኛል። ሚስ ሉሲል ከሰይፉ ጋር፣ ሚስ ሉሲል ከመነኮሳቱ ሱቅ፣ ደጊቱ በባዶ እግሯ። ቅስቱ ያለበትን አነሳሁ። ከሚስ ሉሲል ትከሻ በላይ፣ ከግንቡ ተጠግቶ የቆመ አንድ ሰው አየሁ።

«ይሄ ሐበሻ ደግሞ ማነው?» አልኩ። «እዩልኝ፣ በዚያ ብርድ ቆዳውን ብቻ ለብሶ፣ ጆሮውን ይዞ፤ ከክፍል የተባረረ ተማሪ።»

ብዙነሽ ተቀብላኝ ሳቀች፣ ነጋሽም ሳቀ፣ ለሌላው አሳለፉት። የጆሮውን ነገር ደጊቱ ስንት ጊዜ ነግራን ነበር፤ ወደ ቀልዱ ስሮጥ ትዝ አላለኝም። ፎቶው እሷ እጅ ሲደርስ እስካሁን ያልታየ ነገር እንደሚያይ ሰው ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ብዙ ቆየች። ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለች።

ፎቶውን ደረቷ ውስጥ ከትታ ወደ ላይ ወደ ቤቷ ወጣች፤ የፎቅዋን ወለል ስትመላለስበት እስከ ራት ሰዓት ከራሳችን በላይ ስንሰማው ዋልን። ማንም የጣሪያውን ድምፅ እንዳልሰማ ሆኖ ቁጭ አለ።

በነጋታው ለተገኝ ጻፈች፤ አላወቅሁህም፣ ማርያምን አላወቅሁህም፣ ካፖርትህ እዚህ አለ ብላ። ያ ደብዳቤ ገና መንገድ ላይ ሳለ የእሱ ደረሰ። ከአንድ የሰሜን ወደብ የተላከ ነው። አንብባ ስትጨርስ ወደ እኔ ይዛው ወረደች፣ በትክክል ማንበቧን ስላላመነች። እኔም አነበብኩላት።

«እቴቴ፣ እንደምን ሰንብተሻል። ማክሰኞ ከንጋት ጀምሮ በነገርኩሽ ቦታ ቆሜ ነበር። አሮጊቷን እየገፋሽ ስትመጪ ገና ከሩቅ አወቅሁሽ፤ አልተለወጥሽም። ልጠራሽ ነበር። ነገር ግን አሠሪሽ ፊት ስለሆንሽና የእኔም ልብስ ደህና ስላልነበረ፣ እንዳላሳፍርሽ ብዬ አንቺ እስክትጠሪኝ ጠበቅሁ። ካሜራውን አንስተሽ ወደ እኔ አየሽ። ከዚያ አውርደሽ ሄድሽ። አልተቀየምኩም፤ ሰው በእንጀራው ላይ ሲሆን ብዙ ነገር አለበት። በጤና ስላየሁሽ ደስ ብሎኛል። መርከባችን ነገ ይነሳል። አድራሻ ሳገኝ እጽፋለሁ።»

አልጻፈም። የእሷ ደብዳቤ ከማድሪድ ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰ። ነጋሽ ከቀይ መስቀል ቅጽ አምጥቶ ሞላን፤ ወረቀት በሌለው ሰው ስም የሚገኝ መዝገብ የለም። ካፖርቱ ሁለት ክረምት ቁምሳጥን ውስጥ ከነዋጋ ምልክቱ ተሰቀለ። በሦስተኛው ለነጋሽ ሰጠችው። ልኩ ነው፤ ለብሶት ታክሲ ይነዳል፣ እኔም በገባ በወጣ ቁጥር ከጀርባው አየዋለሁ።

ሚስ ሉሲል ይህን ሁሉ አታውቅም። ንገሪያት፣ እኔ ሄጄ ልንገራት ብያት ነበር፤ ምን አደረገችኝ፣ ጠይቃኛለች እኮ፣ አለችኝ ደጊቱ። ከፎቶዎቹ ሁሉ ሚስ ሉሲል የወደደችው የቅስቱን ነው። በትልቁ አሳጥባ፣ በመስታወት አስገብታ ማሪዬታ ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላዋለች። እንግዳ ሲመጣ ይህን ያነሳችው የኔ ደጊ ናት፣ ምን ዓይነት ዓይን እንዳላት እዩ፣ ትላለች። ደጊቱ በየጠዋቱ መስታወቱን ትወለውላለች።

አሁን 1989 ነው። ደጊቱ ያልተለወጠች ትመስላለች፣ አንድ ነገር ብቻ ትታለች። ሚስ ሉሲል ፓይ ትፈልጊያለሽ ስትላት ቃሉ ሳያልቅ «የስ» ትላለች። ነገ ማረፍ ትፈልጊያለሽ ስትላትም «የስ» ትላለች። ሚስ ሉሲል በመጨረሻ ቤተኛ ሆነችልኝ ብላ ለልጇ አውርታለታለች። ዕረፍቱን ወስዳ ግን የትም አትሄድም። እኔ ቤት መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች።

ያለፈው ማክሰኞም መጣች። ብዙነሽ ነበረች። ምሳ አቀረብኩና «ብዪ ደጊቱ» አልኩ። ተነስታ እጇን ታጥባ፣ ከሁላችን ቀድማ ቁጭ ብላ መብላት ጀመረች። ብዙነሽ እንደ ድሮው አንድ ነገር እንድናገር ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔ ወጥ ጨለፍ አድርጌ ጨመርኩላት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅኋት።